ያልጎነበሰው አንገትና የግራዝማች ጃንጥላ

የክቡር እንግዳ አቀባበል ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1966 ዓ.ም.

ቦታ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር የሚገኘው የሐጂ ኢብራሂም የቡና መጋዘን። በአዳራሹ ያልተሰበሰብንበት ምክንያት፣ ለክቡር እንግዳው መምጣት ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ጣሪያው ተረስቶ ስለሚያፈስ ነው።

ሰዓት፦ ለ3 ሰዓት ተጠርቶ 4 ሰዓት ተኩል ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. ግራዝማች አበጋዝ፣ ሰብሳቢ
2. ሐጂ ኢብራሂም፣ ነጋዴ፣ የምንጣፍ ኃላፊ
3. ወይዘሮ ራሂማ፣ ባለሱቅ፣ የእልልታና የአበባ ኃላፊ
4. ሃምሳ አለቃ ዓሊ፣ የጸጥታና የሰልፍ ኃላፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሀያቱ፣ የግብዣ ኃላፊ። ኢታንግ ሄደው ውሃ ሞልቶባቸው ቀርተዋል።

ለማስረዳት የተጠሩ፦ ድሬሰር ሶስና ከሚሲዮኑ ክሊኒክ፤ አቶ ኦጅዋክ፣ የመንግሥት አስተርጓሚ።

ጸሐፊ፦ ኦፒው ኦቹዶ። ድምፅ የለውም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ አምስት አባላት መገኘት ሲገባቸው የተገኙት አራት ናቸው። ሐጂ ኢብራሂም ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፍ አሉ። ሰብሳቢው በበኩላቸው፣ አንድ ጊዜ በሰብሳቢነታቸው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በግራዝማችነታቸው እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ራሳቸው ስለደገፉት ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ከአዲስ አበባ የመጣው ደብዳቤና ፎቶግራፍ

ክቡር እንግዳው እሑድ ሰኔ 23 ቀን በአውሮፕላን መጥተው፣ ሙቀቱን አይተው፣ በሃያ አምስት ደቂቃ መመለሳቸው ይታወሳል። ከጽሕፈት ቤታቸው የተላከውን ደብዳቤ ጸሐፊው በንባብ አሰማ። ከደብዳቤው ጋር በአቀባበሉ ዕለት የተነሳ ፎቶግራፍ ተያይዟል። በፎቶግራፉ ላይ አርባ አንድ ጀርባና አንድ ፊት ይታያል። ፊቱ በቀይ እርሳስ ተከቧል። ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሁሉም እጅ ሲነሳ ቀጥ ብሎ የቆመው ማነው? አንገቱን ታሞ ከሆነ የሕክምና ማስረጃ፣ ካልታመመ የስንብት ደብዳቤው ግልባጭ በአስቸኳይ ይላክልን።»

ሰውየው አቶ ኦጅዋክ መሆናቸው ያለ ውይይት ታወቀ። በፎቶግራፉ ላይ ሌላ ፊት ያለው ሰው አልነበረምና።

ውይይት ያስነሳው የቀሩት ሰዎች ጀርባ ነው። ሃምሳ አለቃ ዓሊ ከሁሉ ዝቅ ያለው ጀርባ የእሳቸው መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ሐጂ ኢብራሂም ያ ጀርባ የእሳቸው እንደሆነና ኮቱን ለዚያ ቀን ብለው እንዳሰፉት አስረዱ። ሃምሳ አለቃው፣ ነጋዴ የቱንም ያህል ቢጎነበስ የወታደርን ያህል አይጎነበስም አሉ። ሐጂ ኢብራሂም፣ የወታደር ጎንበስ የደመወዝ ነው፣ የእኔ ግን የፍቅር ነው ሲሉ መለሱ። ወይዘሮ ራሂማ፣ ሁለቱም ከሚጣሉ የእሳቸውን ሻሽ መሬት ለመንካት ስንት ጣት እንደቀረው ቢያዩ እንደሚሻል አሳሰቡ። ሰብሳቢው በእጃቸው ጠረጴዛ መትተው ሥነ ሥርዓት አስከበሩ፤ የሰብሳቢው ጀርባ ከፊት ስለነበረ ከማንም ጋር እንደማይወዳደርም ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ለወደፊት ክርክር እንዳይነሳ እያንዳንዱ ሰው በፎቶግራፉ ላይ በገዛ ጀርባው ላይ ስሙን በቀለም እንዲጽፍ ተወሰነ። ሁሉም ጻፉ። ጸሐፊውም ታዞ ጽፏል።

አጀንዳ 2፦ የአቶ ኦጅዋክ ሕመም ከአንገት ነው ወይስ ከትከሻ?

አቶ ኦጅዋክ ቀረቡ። አሥራ አንድ ዓመት በአስተርጓሚነት አገልግለዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ልድያና ከአራት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት በመንግሥት ቤት ነው፤ ከተሰናበቱ በሦስት ቀን ውስጥ መልቀቅ አለባቸው። ባሮ ሞልቷል፤ በዚህ ወር ጎጆ የሚቀለስበት ደረቅ መሬት የለም። ጸሐፊው ይህን እዚህ ያሰፈረው ከአባላቱ ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ሰብሳቢው «አንተ፣ ታመሃል ወይስ አልታመምክም?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኦጅዋክ ታመዋል። የት ጋ እንደሆነ ሲጠየቁ ጣታቸውን በግራ በኩል ከጆሮ በታች፣ ከክንድ በላይ አሳርፈው «እዚህ» አሉ።

ጣቱ ያረፈበት ቦታ አንገት ነው የሚሉና ትከሻ ነው የሚሉ ስለተነሱ ቦታው እንዲለካ ተደረገ። ሃምሳ አለቃ ዓሊ በአቀባበሉ ዕለት ሕዝቡን ወደኋላ የያዙበትን ገመድ አምጥተው ከጆሮ እስከ ክንድ ጫፍ ለኩ፤ ገመዱን ለሁለት ሲያጥፉት ጣቱ እጥፋቱ ላይ አረፈ። ሐጂ ኢብራሂም ሠላሳ ዓመት ቡና እንዳሸከሙና ጆንያ የሚያርፍበት ትከሻ፣ የማያርፍበት አንገት እንደሚባል አስረዱ። ለማጣራት አንድ ጆንያ በአቶ ኦጅዋክ ላይ ተጫነ። ጆንያው በሁለቱም ላይ አረፈ። አቶ ኦጅዋክ አቃሰቱ፤ ማቃሰታቸው ግን ከየትኛው ወገን እንደመጣ ሊታወቅ አልቻለም። ወይዘሮ ራሂማ፣ ድሪ የሚታሰርበት አንገት፣ ነጠላ የሚጣልበት ትከሻ ነው፤ ይህን ሴት ሁሉ ያውቃል አሉ። አቶ ኦጅዋክ ድሪም ነጠላም ስለሌላቸው ሐሳቡ አልተሠራበትም።

ሰብሳቢው በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ወሰን የሚያካልል ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋምና ለሥራው ውሎ አበል እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀረቡ። ድሬሰር ሶስና ከገመዱ ጊዜ ጀምሮ እጃቸውን አንስተው ነበር። በዚህ ጊዜ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው፤ ጆንያው እስኪወርድ ግን እንደማይናገሩ ስለገለጹ ጆንያው ወረደ።

ድሬሰር ሶስና እንዳስረዱት፣ በሽተኛ በጣቱ የሚያሳየው ቦታ ማስረጃ አይሆንም። አንገት ታሞ ትከሻ ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ትከሻም ታሞ አንገትን ይስባል። የሚለየው ሲንቀሳቀስ ነው። የአንገት ሕመም አንገት ሲዞር ወይም ሽቅብ ሲያዩ ይብሳል፤ ከክርን አልፎ እስከ ጣት ይወርዳል፤ ጣት ያደነዝዛል። የትከሻ ሕመም ክንድ ሲነሳ ይብሳል፤ በዚያ ጎን ሲተኙ ይቀሰቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከክርን አይወርድም። ደግሞም አንገቱን የታመመ ሰው መዳፉን አናቱ ላይ ቢጭን ብዙ ጊዜ ቀለል ይለዋል። ትከሻውን የታመመ ግን እጁን እዚያ ማድረስ ይቸግረዋል።

አቶ ኦጅዋክ አንገታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞሩ። ሽቅብ አይተው ጣሪያው ሥር ያሉትን ጆንያዎች ቆጠሩ። ሕመም የለም። ክንዳቸውን እንዲያነሱ ሲጠየቁ ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ግንባራቸውን አላባቸው።

ሰብሳቢው፣ ይህ ምርመራ ከሚሲዮን የመጣ ተንኮል አለመሆኑ እንዲረጋገጥ አባላቱ በየራሳቸው ላይ እንዲሞክሩት አዘዙ። ሁሉም መዳፋቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ሃምሳ አለቃ ዓሊ «እፎይ!» አሉ፤ እጃቸውንም እስከ አጀንዳው ፍጻሜ ሊያወርዱ አልፈቀዱም። ሐጂ ኢብራሂም ሁለት ዓመት ሙሉ ጣታቸው ሲደነዝዝ የሙስባሃቸው፣ የመቁጠሪያቸው፣ ክር የጠበቀ እየመሰላቸው ሁለት ጊዜ እንዳስቀየሩ ተናገሩ። ሰብሳቢው ሽቅብ እንዲያዩ ቢጠየቁ ከሦስተኛው ጆንያ በላይ ማየት አልቻሉም። ወይዘሮ ራሂማ ደህና ናቸው። ሲጠየቁም፣ ጎንበስ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፣ በሌላው ቀን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ነው የምለው ብለዋል። ጸሐፊውም በጠረጴዛው ጥግ ሞክሮታል። ውጤቱን ለራሱ ይዟል።

ድሬሰር ሶስና ያገኙትን ሲያጠቃልሉ፣ ሦስት አባላት አንገታቸውን ታመዋል፤ አቶ ኦጅዋክ የታመሙት ትከሻቸውን ነው አሉ። ወዲያውም ወደ አቶ ኦጅዋክ ዞረው በምን እንደታመሙ ጠየቁ። መልሳቸው በራሳቸው አነጋገር ይህ ነበር፦

«ጃንጥላ ያዝኩ። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት፣ አውሮፕላን እስኪመጣ። ግራዝማች ፀሐይ እንዳይነካቸው። እጄ ዝቅ ሲል ‹ከፍ አድርገው› ይሉኛል። እንግዳው ሲወርድ ሰው ሁሉ ጎነበሰ። እኔ ብጎነበስ ጃንጥላው አብሮኝ ይጎነበሳል፤ ሽቦው ግራዝማችን ይወጋል። ስለዚህ ጉልበቴን አጠፍኩ። እኛ ጋ ለኳሮ፣ ለባላባቱ፣ ጉልበት ይታጠፋል፤ ክብር ነው። አንገቴ ደህና ነው። ትከሻዬ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ዓሊ እጃቸው አናታቸው ላይ እንዳለ፣ በፕሮግራሙ ላይ ጉልበት የሚባል ነገር እንደሌለ አመለከቱ። ሰብሳቢውም ጃንጥላ በአጀንዳው ውስጥ የለም አሉ። በፎቶግራፉ ላይ ከአቶ ኦጅዋክ እጅ የሚወጣ፣ ጫፉ ከፎቶግራፉ ውጭ የቀረ እንጨት እንደሚታይ ወይዘሮ ራሂማ ቢያመለክቱም፣ የባንዲራ እንጨት ሊሆን እንደሚችል ሰብሳቢው ገለጹ።

ሐጂ ኢብራሂም፣ «ወላሂ፣ አንገቱን ታሟል ብለን እንጻፍና የሰውየው እንጀራ ይትረፍ፤ አራት ልጅ አለው» ብለው ለመኑ። ሰብሳቢው ይህ እንደማይሆን ሲያስረዱ፣ በሽተኛ ሰው በክቡር እንግዳ ፊት አቁመናል ማለት እኛኑ ያስጠይቃል፤ አንድ ሰው ቢሄድ ይሻላል አሉ። ድሬሰር ሶስናም ያላገኙትን እንደማይጽፉ፣ የሚጽፉት «ትከሻ፣ አራት ሰዓት ጃንጥላ ከመያዝ የመጣ» የሚል መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው፣ ትከሻውን ጽፈሽ ጃንጥላውን ተዪው አሏቸው። ድሬሰሯ፣ የማን ጃንጥላ እንደሆነ ልተው እችላለሁ እንጂ ጃንጥላውን አልተውም አሉ። ተመስግነው እንዲቀመጡ ተነገራቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ይሰናበቱ ያሉ ሦስት፤ እነሱም ሰብሳቢው፣ ግራዝማች አበጋዝና ሃምሳ አለቃ ዓሊ ናቸው። አይሰናበቱ ያሉ ሁለት፤ ሐጂ ኢብራሂምና ወይዘሮ ራሂማ። በዚህም መሠረት፦

ሀ) የአቶ ኦጅዋክ ሕመም የትከሻ እንጂ የአንገት እንዳልሆነ፣
ለ) ደህና አንገት ይዘው ስላልጎነበሱ በንቀት ጥፋት ከሥራ እንዲሰናበቱ፣
ሐ) ጃንጥላው በዚህ ቃለ ጉባኤ እንዳይጠቀስ ተወስኗል።

የስንብቱን ደብዳቤ እንዲጽፍ ጸሐፊው ታዘዘ። ጸሐፊውና አቶ ኦጅዋክ ከአንድ መንደር ናቸው፤ አንድ ታንኳ ላይ መቅዘፍ ተምረዋል። ጸሐፊው ጻፈ። እየጻፈም አፈረ።

አጀንዳ 3፦ የአባላቱ አንገት

ሰብሳቢው፣ ሦስት አባላት አንገታቸውን ታመዋል መባሉ አዲስ አበባ ቢሰማ፣ የጎነበሱት በበሽታ ነው ተብሎ ሊተረጎም እንደሚችል አስጠነቀቁ። ሐጂ ኢብራሂም ጣታቸው በእርግጥ እንደሚደነዝዝ ሊያስረዱ ሲጀምሩ፣ ጤነኛ አንገት ማለት የሚጎነበስ አንገት መሆኑን ሰብሳቢው ገለጹላቸው፤ የማይጎነበስ አንገት ነው በሽተኛ። ይህ ከሆነ አቶ ኦጅዋክ በሽተኛ ሊሆኑ ነው ሲሉ ወይዘሮ ራሂማ ጠየቁ። ጥያቄው ከምሳ በኋላ እንዲታይ ተላለፈ።

የአባላቱ አንገት ፍጹም ጤነኛ እንደሆነ፣ ሰኔ 23 ቀንም የጎነበሱት በሙሉ ጤንነት፣ በገዛ ፈቃዳቸውና ከልብ በመነጨ ፍቅር መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አባላቱ ፈረሙ። ሃምሳ አለቃ ዓሊ ለመፈረም ሲሉ እጃቸውን ከአናታቸው አወረዱ፤ ሕመማቸውም ተመለሰ።

7 ሰዓት ላይ ወይዘሮ ራሂማ ጎረቤት ያለውን ሱቃቸውን አይተው እንዲመለሱ ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሻሻቸውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። በሱቃቸው ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ዜና ሲነበብ እንደሰሙ፣ በትናንትናው ዕለት በቁጥጥር ሥር ከዋሉት ሹማምንት መካከል የክቡር እንግዳው ስም ሦስተኛ ሆኖ እንደተጠራ አሳወቁ።

አጀንዳ 4፦ ድንገተኛ

 በቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ።

መጀመሪያ የተናገሩት ሃምሳ አለቃ ዓሊ ናቸው። ሰውየውን ከአውሮፕላን ሲወርድ ጀምሮ እንዳልወደዱት አስታወቁ። ሐጂ ኢብራሂም፣ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ያ ሁሉ ጎንበስ ያልንለትን ሰው ዛሬውኑ አንሳደብ አሉ። ቀጥለውም ምንጣፉ የማን እንደነበረ ኮሚቴው እንዲረሳላቸው ለመኑ።

ሰብሳቢው ፎቶግራፉን ጠየቁ። በየጀርባው ላይ ስም ተጽፎበታል። ሃምሳ አለቃ ዓሊ በምራቅ ሊያጠፉት ቢሞክሩ ስማቸው ፈሶ ከሐጂ ኢብራሂም ስም ጋር ተቀላቀለ። ከዚህ የተነሳ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ጀርባ የማን እንደሆነ ክርክሩ እንደገና ተከፈተ። ሃምሳ አለቃ ዓሊ ያ ጀርባ የሐጂ መሆኑን ከጧቱም እንደሚያውቁ፣ ኮቱም እንደሚመሰክር ተናገሩ። ሐጂ ኢብራሂም ኮቱን ለሃምሳ አለቃው አውሰዋቸው እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጹ። የጸሐፊው ስም ሊጠፋለት ሲቀርብ ጸሐፊው ይቅር አለ። ጀርባው የእሱ ነበርና።

ሰብሳቢው ድሬሰር ሶስናን ወደ ፊት ጋብዘው ወንበር እንዲሰጣቸው አዘዙ። ቅድም ስለ አባላቱ አንገት የተናገሩት እውነት መሆኑን በአክብሮት ጠየቋቸው። ድሬሰሯ እውነት ነው አሉ። ሰብሳቢው ደስ ብሏቸው፣ እንግዲያስ ያን ቀን ራሳችን ዝቅ ያለው በሕመም እንጂ በፍቅር እንዳልነበረ ጻፊልን አሉ። ሕመሙ ከሰኔ 23 በፊት የጀመረ መሆኑንም እንዲያረጋግጡላቸው ጠየቁ።

«በፊት ነው። ብዙ ዓመት የቆየ ይመስላል» አሉ ድሬሰር ሶስና።

ቀጥሎ አቶ ኦጅዋክ ተጠሩ። ሰብሳቢው «ወንድሜ ኦጅዋክ» ብለው ጀመሩ። ኮሚቴው በዚያ ሰው ፊት ላለመጎንበስ አስቀድሞ በምስጢር ወስኖ፣ አባላቱ ግን በጽኑ ሕመም ላይ ስለነበሩ አቶ ኦጅዋክን ወክሎ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ እንዳደረገ አስረዱ፤ ስለዚህ የአቶ ኦጅዋክ አንገት የኮሚቴው አንገት ነው። አቶ ኦጅዋክ ይህንኑ በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ወረቀት ቀረበላቸው። ሐጂ ኢብራሂም ብዕር ሰጡ። ሃምሳ አለቃ ዓሊ ወንበር ያዙ።

አቶ ኦጅዋክ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔ የያዝኩት ጃንጥላ ነው» አሉ።

ጃንጥላ በአጀንዳው ውስጥ እንደሌለ በድጋሚ ተነገራቸው። ከረጅምና ከአድካሚ ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

ሀ) በፎቶግራፉ ላይ የተጻፉት ስሞች እንዳልተጻፉ እንዲቆጠሩ፤
ለ) አቶ ኦጅዋክን የሚያሰናብተው ውሳኔ እንዲሻርና ደብዳቤው እንዲቀደድ፤ ጸሐፊው ቃሉ ሳያልቅ ቀዶታል፤
ሐ) እስከ 7 ሰዓት ጤነኛ የነበረው የአባላቱ አንገት ከ7 ሰዓት ወዲህ በሽተኛ እንዲሆን፤
መ) ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ መቆጠራቸው ስህተት ስለነበረ ምልዓተ ጉባኤ እንዳልተሟላ፣ ስለዚህም ይህ ስብሰባ ከነውሳኔዎቹ ሁሉ፣ ይህንንም ውሳኔ ጨምሮ፣ እንዳልተደረገ እንዲቆጠር።

ጸሐፊው፣ ስብሰባው ካልተደረገ አቶ ኦጅዋክ ሥራ ላይ ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ ጠየቀ። ከሌላ እንግዳ ሌላ ደብዳቤ እስኪመጣ ሥራቸውን ይቀጥሉ ተባለ። ድሬሰር ሶስና ሰውየው ሁለት ሳምንት ክንዱን ማሳረፍ እንዳለበት፣ አለበለዚያ ትከሻው ደርቆ እንደሚቀር ተናግረው ዕረፍት ጠየቁለት። ሰብሳቢው እንደሚያዝኑ፣ ነገር ግን ያልተደረገ ስብሰባ ዕረፍት መስጠት እንደማይችል ገለጹ።

ስብሰባው 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘጋ።

ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው በገዛ ፈቃዱ ጨምሯል። ዝናቡ በርትቶ ነበር። ግራዝማች አበጋዝ በሩ ላይ ቆሙ፤ ጃንጥላቸውን አነሱና እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው ሳያዩ ወደኋላ ዘረጉት። ማንም አልተቀበላቸውም። አቶ ኦጅዋክ ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው «ትከሻዬ» አሉ። ሃምሳ አለቃ ዓሊ መዳፋቸው አናታቸው ላይ ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ዝናብ እንዳይነካው በሁለት እጁ አቅፎ ነበር፤ በአንድ እጅም መታቀፍ ይችል ነበር። ግራዝማች ጥቂት ጠብቀው ጃንጥላውን ራሳቸው ከፈቱ፤ ክንዳቸውንም ከፍ አድርገው ወደ ጭቃው ወረዱ።

ድሬሰር ሶስና ከደጃፉ ሆነው ሲያዩዋቸው ቆዩና፣ «አራት ሰዓት ይያዙት፤ ከዚያ በኋላ አንገትና ትከሻን ለመለየት እኔን አይጠሩም» አሉ።